ደብረ ብርሃን ላይ የተገዛ የቱዋሬግ ጥምጥም

ከአንድ የባህል አልባሳት መደብር፣ ከመንዝ በርኖስ ጎን ተሰቅሎ አግኝቼ የገዛሁት ሰማያዊ ጨርቅ፣ በኒጀር፣ በማሊና በአልጄሪያ በረሃ የሚኖሩ የቱዋሬግ ወንዶች ራሳቸውንና ፊታቸውን የሚሸፍኑበት ታገልሙስት ነው። ሻጩ «የሴቶች ሻሽ» ማለቱ ግን መታረም ይገባዋል፤ በቱዋሬግ ባህል ፊቱን የሚሸፍነው ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሲሆን፣ ሴቶቹ በአብዛኛው ፊታቸውን አይሸፍኑም። ጨርቁ ስስና ረጅም በመሆኑ ደጋግሞ ሲጠመጠም የደብረ ብርሃንን የጠዋት ውርጭ ከአንገት እስከ አፍንጫ በሚገባ ይከላከላል። ቀለሙ ጣት ላይና ነጠላ ላይ መልቀቁ ጉድለት ቢመስልም፣ ቱዋሬጎችን «የሰሃራ ሰማያዊ ሰዎች» ያሰኛቸው ቆዳቸው ላይ የሚቀረው ይኸው ኢንዲጎ የተባለ ጥቁር ሰማያዊ የጨርቅ ማቅለሚያ ነው። ከነጭ ልብስ ጋር እንዳይታጠብ መደብሩ ማሳሰቢያ ሊጽፍበት ይገባል፤ ዋጋው ግን ተመጣጣኝ ነው።