ከመርካቶ የገዛሁት ምጣድ፣ ከስድስት ወር በኋላ

ምጣዱ ስም የለውም። ጎኑ ላይ 3.5 ኪሎዋት የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፣ በቃ። እማዬን ትከሻዋን ካመማት ወዲህ የቤታችን ጋጋሪ እኔ ነኝ፤ ስድስት ወር ስለጋገርኩበት አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ክፉውን። እግሮቹ እኩል አይደሉም። ሊጡ ወደ አንድ ወገን እየሄደ እንጀራው በዚያ በኩል ወፍራም፣ በዚህ በኩል ስስ ይሆን ነበር። አንዱ እግር ሥር ካርቶን አጥፌ ከተትኩለት፣ ተስተካከለ። የክዳኑ እጀታ ብሎን ቶሎ ቶሎ ይላላል። ሲግል ራሱ የሚያጠፋ ቴርሞስታት የለውም፤ እስከተሰካ ድረስ ዝም ብሎ መብራት ይበላል። ካውያ አብሮት ከተሰካማ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ይወርዳል።

ሸክላው ግን ጎበዝ ነው። በጎመን ዘር በደንብ ካሟሸሁት በኋላ አንድም ቀን አልያዘብኝም። ዓይኑም ከዳር እስከ ዳር ነው።

እንጀራዬን የማገኘው ኮድ በመጻፍ ነው፤ አመል ሆኖብኝ ይሄንንም በስልኬ ሰዓት እየያዝኩ ጋገርኩ። ለማሞቅ 12 ደቂቃ፣ ማለትም 0.7 ኪሎዋት ሰዓት። ይህን በየጊዜው ከምከፍል አንዴ 60 ልጋግር አልኩ። በአራተኛው ቀን የታችኞቹ ሻገቱ። እህቴ እስካሁን ታነሳብኛለች። ወደ 30 ተመለስኩ።

ትልቁ ብክነት ሌላ ቦታ ነበር። ከአንዱ እንጀራ እስከ ሌላው 4 ደቂቃ ይፈጅብኛል። በሰፌድ አወጣለሁ፣ ከዚያ ማሰሻ ፍለጋ፣ ከዚያ ሊጥ መቅዳት። ምጣዱ ባዶውን ይነዳል። ለካ ክዳኑ ተገጥሞ እንጀራው ሲበስል እጄ ሥራ ፈት ነው! አሁን ክዳኑን እንደገጠምኩ የሚቀጥለውን ሊጥ በጆግ እቀዳለሁ፣ የበረደውን መሶብ ውስጥ እከታለሁ፣ ማሰሻውን ጉልበቴ ላይ አኖራለሁ። 3 ደቂቃ ሆነ። በ30 እንጀራ ግማሽ ሰዓትና 1.75 ኪሎዋት ሰዓት ተረፈ። ለእማዬ በኩራት ስነግራት፣ "ምጣዱን ባዶውን አታንድደው ስልህ ነበር እኮ" አለችኝ።

ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ የመጨረሻዎቹን ሁለት ነቅዬ ነው የምጋግረው። ሦስትም ሞክሬያለሁ። ሦስተኛው ዓይን አልባ ሆኖ ሊጥ ሊጥ አለ፣ ለዶሮ ተሰጠ።

ከ5 ኮከብ 4። አንዷን የቀነስኩት ለእግሩ ነው። ስትገዙ ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጣችሁ፣ መሀሉ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉና ወዴት እንደሚሄድ እዩ።