የቶኪዮ የአጋርነት ማረጋገጫ፦ የት ይሠራል? የት አይሠራም?

የቶኪዮ የአጋርነት ማረጋገጫ ከተማው ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች አጋርነታቸውን መዝግቦ የሚሰጠው ሰነድ ነው። ስለዚህ አገልግሎት በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ የተጠቀምኩት እኔው ልንገራችሁ። ከአጋሬ ጋር የምኖረው ቶኪዮ ነው። እሷ ጃፓናዊት ናት። የጃፓን ሕግ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን አያውቅም። ክፍተቱን ለመድፈን የተነሱት የአካባቢ አስተዳደሮች ናቸው። ሺቡያና ሴታጋያ የሚባሉት ወረዳዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ማረጋገጫ መስጠት ጀመሩ። ቶኪዮ በከተማ ደረጃ የጀመረችው በኖቬምበር 2022 ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ማመልከቻው በኢንተርኔት ማለቁን ነው። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። ወረፋ ይዞ፣ ከኋላ የቆመው ሰው እየሰማ ስለ ፍቅር ሕይወት ማስረዳት የለም። ለቤተሰቡ እንኳ ያልተናገረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቃል። በእንግሊዝኛም መሙላት ይቻላል። ከሁለቱ አንዱ ቶኪዮ የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም የሚማር ከሆነ ይበቃል። ልጅ ያላቸው የልጆቻቸውን ስም ማስገባት ይችላሉ። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ!

ለእኛ ለውጭ ዜጎች ከባዱ ከማመልከቻው ጋር የሚጠየቀው ያላገባ ማስረጃ ነው። ማስረጃውን የጠየቅኩበት ቢሮ "ማንን ልታገቢ ነው?" አለኝ። ስም ሳልጠራ ለመውጣት በጣም ተጨነቅሁ። ከተማው ለዚህ ሌላ መንገድ ቢያበጅ ብዙ ሰው ይድናል። በዚህ ነጥብ እቀንስበታለሁ።

ጥቅሙን ያየነው ቤት ስንከራይ ነው። በፊት ደላላው "ጓደኛሞችን አከራዩ አይቀበልም" ብሎ መልሶን ነበር። ማረጋገጫውን ከስልኬ ሳሳየው ግን እንደ ቤተሰብ መዘገበን። የከተማው የኪራይ ቤቶችም ክፍት ናቸው። አጋሬ ኦፕራሲዮን ስትሆንም ሐኪሙ ውጤቱን ለእኔ ነገረኝ። የግል ድርጅት የመቀበል ግዴታ ስለሌለበት ግን ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው አልልም።

ያልጠበቅኩት የአጋሬን አባት ነገር ነው። ለረጅም ጊዜ ቤታቸው ስሄድ ሰላምታ ብቻ ነበር። ማረጋገጫውን ካዩ በኋላ "መንግሥት ካወቃችሁ እኔ ምን እላለሁ?" አሉ። አሁን እሷን ሲያጧት ለእኔ ይደውላሉ። ሕግ ያልሆነ ወረቀት ይህን ማድረጉ ዛሬም ይደንቀኛል።

ሕግ አለመሆኑን ግን አትርሱ። ውርስ አያስገኝም። የትዳር ጓደኛ ቪዛም አያሰጥም፤ የእኔ መኖሪያ ፈቃድ አሁንም በሥራዬ ነው። ሥራዬን ባጣ ማረጋገጫው ቶኪዮ አያቆየኝም። ይህ ያንገበግበኛል፤ መፍትሔውም ያለው ከከተማው ሳይሆን ከፓርላማው ነው።

ቶኪዮ ያላችሁ ጥንዶች አውጡት። ጎን ለጎን ግን ኖተሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ዘንድ ሄዳችሁ ኑዛዜ ጻፉ። እኛ ሁለቱንም አድርገናል።