ነጻ መስመር፣ አጭር ቁጥር ወይስ ተራ ሞባይል? ለጎጃም ነጋዴና ቤተሰብ የሚያዋጣው የትኛው ነው

መራዊ ላይ የውኃ ፓምፕና መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ አስቡ። በቆጋ መስኖ ስንዴና ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ይደውላል። «ልጄ፣ ፓምፑ ውኃ አልስብ አለኝ።» ሻጯ መጠየቅ ትጀምራለች። መጀመሪያ ውኃ ሞልተውበታል? ቱቦው አየር ያስገባል? ገበሬው ስልኩን በትከሻው ደግፎ መጋጠሚያውን ይነካካል። ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ «ካርዴ ሊያልቅ ነው፣ ቶሎ በዪኝ» ይላል። ወዲያው ስልኩ ይቋረጣል። ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ያለች አንዲት ጎማ ልትሆን ትችላለች። ሰውዬው ግን በማግስቱ ፓምፑን በባጃጅ ጭኖ ከተማ ይመጣል፤ ሽንኩርቱም አንድ ቀን ውኃ ሳያገኝ ይውላል።

ነጻ የስልክ መስመር የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ጥሪ ነው። ለሁሉም ጥሪ ግን አይደለም። ብዙ ነጋዴ «ትልቅ ድርጅት ያስመስለናል» ብሎ ሊያወጣው ይፈልጋል። እኔ በዚህ ምክንያት ብቻ አውጡ አልልም። ደዋያችሁ ማን ነው? ሲደውል ስንት ደቂቃ ያወራል? ምርጫውን መወሰን ያለበት የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ነጻ መስመር እንዴት ይሠራል?

ነጻ ሲባል ሒሳቡ ይቀራል ማለት አይደለም። ከደዋዩ ወደ ተደዋዩ ይዞራል። «ባጃጁን እኔ እከፍላለሁ፣ ብቻ ሱቄ ድረስ ና» እንደማለት ነው።

አሠራሩን ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ነው የሚረዳው። ነጻ ቁጥር ራሱን የቻለ መስመር አይደለም። ሽቦም ሲምም የለውም። ሰው ሲደውልበት የቴሌኮሙ ኮምፒውተር መዝገቡን ያይና ጥሪውን ከጀርባ ወዳለ እውነተኛ ቁጥር ይመራዋል። መዝገቡ ላይ ያሰፈራችሁት የቢሮ ስልክ ከሆነ ቢሮ ይጮኻል። አሠራሩ ከተፈቀደላችሁ ደግሞ ቀን ወደ ባሕር ዳር ቢሮ፣ ማታ ወደ ተረኛው ሞባይል እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ሱቃችሁ ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ቢዛወር ደንበኛው አያውቅም፤ የሚቀየረው መዝገቡ ብቻ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለው የስልክ ኩባንያ በ800 የሚጀምሩትን ነጻ ቁጥሮች ያስገባው በ1967 እ.ኤ.አ. ነበር። ከዚያ በፊት ሒሳቡን ወደ ተቀባዩ ለማዞር የስልክ ኦፕሬተር መሐል ገብታ «ይቀበሉታል?» ብላ መጠየቅ ነበረባት። ዛሬ ያንን የሚሠራው ኮምፒውተር ነው።

ከጀርባ ያለው መስመር አንድ ብቻ ከሆነ ግን ነጻ ቁጥር ምንም አያድናችሁም። አንድ ሰው እያወራ ሌላው ቢደውል የሚሰማው «መስመሩ ተይዟል» ነው። በነጻ ደውሎ በነጻ ይናደዳል። ስለዚህ ነጻ ቁጥር ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት መቀበያ መስመርና የሚመልስ ሰው ይኑራችሁ።

አጭር ቁጥር ሁሉ ነጻ አይደለም

ይህን ነገር ነጋዴውም ቤተሰቡም ቢያውቀው ደስ ይለኛል። በአገራችን ባለ ሦስትና ባለ አራት አሃዝ ቁጥሮች ሒሳባቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ደዋዩ ምንም የማይከፍልባቸው አሉ። እንደ ተራ ጥሪ የሚከፈልባቸው አሉ። ከተራው በላይ የሚቆርጡም አሉ፤ ለዕጣና ለሽልማት መልእክት ላኩ የሚባልባቸው ብዙዎቹ ከእነዚህ ናቸው። ቁጥሩን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም።

መለየት የሚቻለው በሙከራ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከያዛችሁ መጀመሪያ *804# ብላችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ከዚያ ደውላችሁ አንድ ደቂቃ አውሩ። ዝጉና እንደገና *804# በሉ። ሳንቲም ካልቀነሰ ነጻ ነው። ጥቅል ካላችሁ የጥቅሉን ቀሪ ደቂቃም አብራችሁ አመሳክሩ፤ አለበለዚያ ከጥቅሉ የተቆረጠው ነጻ ይመስላችኋል።

ነጻ መስመር በትክክል ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማየት 8028ን ውሰዱ። ገበሬ የሚደውልበት የግብርና የምክር መስመር ነው፤ ሥራ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። ገበሬው ይደውላል፣ ቋንቋውንና ሰብሉን ይመርጣል፣ ስለ ጤፉ ወይም ስለ በቆሎው የተቀዳ ምክር ያዳምጣል። አማርኛም አለው። ማንበብ አይጠይቅም፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ካርድ አይጠይቅም። ቁጥሩም አራት አሃዝ ብቻ ስለሆነ አንዴ በሬዲዮ የሰማው ሰው ይዞት ይሄዳል። ጎጃም ውስጥ ለገበሬ የሚሸጥ ሁሉ ይህን መስመር አንዴ ደውሎ ቢያዳምጠው ብዙ ይማርበታል።

አራቱን ጎን ለጎን

ተራ ሞባይል ርካሽ ነው፣ ዛሬውኑ ይወጣል፣ በኪስ ይዞራል። ለሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ፣ ለፀጉር ቤት፣ ለአንድ ወፍጮ ቤት ከበቂ በላይ ነው። «ዘይት ገብቷል? ስንት ነው?» ብሎ ለሚዘጋ ደንበኛ ሌላ ወጪ ማውጣት ትርጉም የለውም። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ሱቅ ውስጥ ሲሙ የተመዘገበው በሠራተኛው ስም ነው። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ቁጥሩም ደንበኛውም አብረውት ይሄዳሉ። ሲሙን በባለቤቱ ወይም በድርጅቱ ስም አስመዝግቡ። ይህችን ብቻ ብታደርጉ እንኳ ትልቅ ነገር አተረፋችሁ።

በ058 የሚጀምረው የቢሮ ስልክ ዛሬ ብዙ ሰው አይደውልበትም። ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ግን እምነት ይሰጣል፤ ቦታችሁ የታወቀ፣ ነገ የማትጠፉ መሆናችሁን ያሳያል። ለነጻ መስመር መቀበያም ይሆናል።

ደዋዩ በተራ ታሪፍ የሚከፍልበት አጭር ቁጥር በተራ ሞባይልና በነጻ መስመር መሐል ያለ ነው። የሚሸጠው ነገር ማስታወስን ነው። ገበያ ላይ ጆንያ ጀርባ በከሰል ሲጻፍ አሥር አሃዝ አንዱ ይሳሳታል፤ አራት አሃዝ አይሳሳትም። በሬዲዮ የምታስተዋውቁ ከሆነ ወይም በየከተማው ቅርንጫፍ ካላችሁ ያዋጣል። የደዋዩን ሒሳብ እናንተ ስለማትሸከሙ ወጪያችሁ የታወቀ ነው፤ በወር በወር የምትከፍሉት ኪራይ።

ነጻ መስመር ላይ ግን ወጪው አይታወቅም፤ የሚወስነው ደዋዩ ነው። ከኪራዩ ሌላ በእያንዳንዱ ደቂቃ ትከፍላላችሁ። በስሕተት የደወለውም፣ ስልክ ይዞ የሚጫወተው ልጅም ይቆጠርባችኋል። «እባክዎ ይጠብቁ» እያለ ሙዚቃ የሚያሰማው ደቂቃም የእናንተ ነው። ስለዚህ ነጻ መስመር ያለው ድርጅት ደንበኛን ማስጠበቅ አይችልም። ቶሎ አንሥቶ ቶሎ መፍታት አለበት። እኔ በነጻ መስመር የምወድለት ነገርም ይኸው ነው፤ የማስጠበቁ ኪሳራ አስጠባቂው ላይ ነው የሚወድቀው።

አራቱም ከቴሌግራም ገጽ ጋር አይምታቱባችሁ። ገጹ ዋጋና ፎቶ ለማሳየት ጥሩ ነው። ነገር ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ በቴሌግራም ብቻ ይሸጥ የነበረ ሰው ምን እንደደረሰበት እናውቃለን። ተራ ድምፅ የሚሠራበት ቁጥር ሁልጊዜ ይኑራችሁ።

ሒሳቡን እንሥራው

የደቂቃው ዋጋ በውላችሁ ይወሰናል። ለማስላት እንዲመቸን አንድ ብር እንበለው። ሱቃችሁ በቀን 40 ጥሪ ይቀበላል፣ እያንዳንዱ በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጃል፣ በወር 26 ቀን ትሠራላችሁ። 3,120 ደቂቃ፣ 3,120 ብር። ኪራዩ ከዚህ ውጭ ነው።

አሁን ጥሪዎቹን ለዩአቸው። ከ40ው 30ው «አለ? የለም?» ብለው በግማሽ ደቂቃ የሚያልቁ ከሆኑ እነዚያን የደወለው ሰው ቢከፍል አይጎዳም። ረጃጅሞቹ 10 ናቸው፤ ብልሽት፣ አጠቃቀም፣ ቅሬታ። ለእነዚህ ሌላ መንገድ አለ፤ መልሶ መደወል። «አባባ ይዝጉት፣ እኔ ልደውልልዎት» ማለት። የድምፅ ጥቅል ገዝቶ መልሶ መደወል ለትንሽ ሱቅ ከነጻ መስመር ይረክሳል ባይ ነኝ። ገጠር ያለው ደንበኛማ ይህን ከእኛ ቀድሞ አውቆታል። ሚስኮል አድርጎ ይጠብቃል። ሚስኮል ያየ ሱቅ መልሶ ከደወለ ነጻ መስመር አለው ማለት ነው፤ ውል ሳይፈርም።

ሚዛኑ የሚገለበጠው ረጃጅሞቹ ጥሪዎች ሲበዙ ነው። በቀን 50 እና 60 ሰው ስለ ዘር፣ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ብድር ክፍያ የሚደውልላችሁ ከሆነ መልሶ መደወሉ ራሱ ሥራ ይሆናል። ማን ደወለ፣ ለማን ተመለሰ፣ ማን ተረሳ? ሦስት ሠራተኛ ሦስት ስልክ ይዞ ይደናገራል። ለዘር አባዢ ማኅበር፣ ለዩኒየን፣ ለአነስተኛ ብድር ተቋም፣ ብዙ ወረዳ ለሚያዳርስ የግብርና ግብዓት አከፋፋይ ነጻ መስመር ይገባዋል። በተለይ ቅሬታ ለሚቀበል ሁሉ። የተበላሸ ዘር የተሸጠለት ገበሬ ለማማረር ደግሞ ከኪሱ ይክፈል ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

ለቤተሰብስ?

አሜሪካ ውስጥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለቤተሰብ የሚሸጡ ነጻ ቁጥሮች ነበሩ። ልጅ ኮሌጅ ሄዶ ሳንቲም ባይኖረውም ወደ ቤት እንዲደውል፣ አባት ይከፍል ነበር። እኛ ዘንድ ቤተሰብ ያንን የሚያህል ነገር አያስፈልገውም። *807* ብሎ የቤተሰቡን ቁጥር አስገብቶ በ# መዝጋት «መልሰህ ደውልልኝ» የሚል መልእክት ይልካል። *806* ደግሞ ሒሳብ ያስተላልፋል። ዩኒቨርሲቲ ላለች ልጅ በቴሌብር ጥቅል መግዛትም ይቻላል። እነዚህን ለእናታችሁ አንዴ አሳዩአቸው፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጧቸው።

ዘመድ ዓረብ አገር ካለ ነጻ መስመር አትቁጠሩበት። የአገር ውስጥ ነጻ ቁጥርና አጭር ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ሲደወል አይሠራም። ለዚያ ኢሞና ዋትስአፕ አሉ። ነጋዴም ብትሆኑ፣ ዱባይ ያለች ልጅ ለአባቷ ፓምፕ ልትገዛ ስትፈልግ የምትደውልበት ከ+251 የሚጀምር ሙሉ ቁጥር ካርዳችሁ ላይ ይኑር።

በ+ ጀምሮ ከማታውቁት አገር ሚስኮል ከመጣ መልሳችሁ አትደውሉ። ሒሳብ ለመብላት ሆን ብለው የሚያደርጉት አሉ። ከባንክ ነኝ፣ ከቴሌ ነኝ ብሎ የሚስጥር ቁጥር ለሚጠይቅም አትስጡ፤ በምንም ቁጥር ይደውል።

ለድንገተኛ ነገር ደግሞ ገጠር ላይ አጭር ቁጥር ብቻ መያዝ አይበቃም። የወረዳ አምቡላንስ ብዙ ቦታ የሚጠራው በጤና ጣቢያው ወይም በሾፌሩ ሞባይል ነው። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ያንን ቁጥር ከወዲሁ ይያዝ።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ዋጋውን አንድ ላይ አትቀበሉ፤ ለያይታችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያ ክፍያው ስንት ነው? ወርኃዊው ስንት? ደቂቃው ስንት፣ ቆጠራውስ በሰከንድ ነው በደቂቃ? የወር ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል? ካልተቻለ በየሳምንቱ ሒሳባችሁን የምታዩበት መንገድ ይኑር።

ቁጥሩ የኪራይ መሆኑን አትርሱ። ካልከፈላችሁ ይሄዳል። ስለዚህ አምስት ሺህ ጆንያ ላይ ከማሳተማችሁ በፊት ውሉ መፈረሙን፣ ቁጥሩም መሥራቱን አረጋግጡ።

ከዚያ ሞክሩት። በ09 ከሚጀምር መስመር ደውሉ፤ በ07 ከሚጀምር የሳፋሪኮም መስመርም ደውሉ። ሁለቱም ይገባሉ? ከሁለቱም ነጻ ነው? ደንበኞቻችሁ ግማሾቹ የማይደውሉበት ነጻ ቁጥር ማስታወቂያ ላይ አይውጣ። ከደጀንም፣ ከዳንግላም፣ ኔትወርክ ደከም ከሚልበት ቀበሌም ሰው ልካችሁ አስደውሉ። በመጨረሻ ዜሮ ብር ባለው ስልክ ሞክሩት። ካርድ ለጨረሰ ሰው ካልሠራ፣ የገዛችሁት ነጻ መስመር አይደለም፤ ወደ ሻጩ ተመለሱ።