ክሊማ፦ ፕላን ከመሳሉ በፊት መከፈት ያለበት ነጻ መሣሪያ

ክሊማ የአንድን ቦታ የዓመት ሙሉ የአየር ጠባይ በግራፍ የሚያሳይ ድረ ገጽ ነው። የሠራው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሚገኝ፣ በሕንፃዎች ምቾት ላይ የሚመራመር ማዕከል ነው። ክፍያ የለውም፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ነገር አይፈልግም። ከአየር ንብረቱ ጋር የሚስማማ የቤተሰብ መኖሪያ ለሚነድፍ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን የሚነግራችሁ ስለ ውጭው አየር ብቻ ነው። ግድግዳው ምን ያህል ይክበድ፣ ጥላው ምን ያህል ይውጣ የሚለው ስሌት የእናንተ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው የዓለም ካርታ ነው። ነጥቦቹ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ናቸው፤ አንዱን ስትመርጡ ኢፒደብልዩ የሚባለው ፋይል ይከፈታል። በውስጡ የ8,760 ሰዓታት ሙቀት፣ እርጥበት፣ የፀሐይ ጨረርና ንፋስ አለ። በርቀት የቀረበውን ነጥብ ወዲያው አትውሰዱ፤ አስቀድማችሁ የጣቢያውን ከፍታ ከግንባታው ቦታ ከፍታ ጋር አስተያዩ። አየሩ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀዘቅዝ፣ የ400 ሜትር ልዩነት 2.6 ዲግሪ ያህል ያመጣል። ይህ ማሞቂያ የሚያስፈልገውን ቤት ከማያስፈልገው ሊለይ ይችላል። ፋይሉ የአንድ እውነተኛ ዓመት መዝገብ አለመሆኑንም እወቁ። ከተለያዩ ዓመታት የተለመዱ የሚባሉ ወራት ተመርጠው የተቀጣጠሉበት ስለሆነ፣ ያልተለመደ ኃይለኛ ሙቀት አይታይበትም። በስሙ ላይ የዓመታት ክልል የተጻፈበት ካለ የቅርብ ዓመታቱን የያዘውን ምረጡ። የራሳችሁን ፋይል ማስገባትም ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የሙቀትና የእርጥበት ገጽ ነው። የየቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ይታያል፤ ከኋላው አሽሬ 55 በተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር የምቾት ደረጃ መሠረት የተሰላ የምቾት ክልል ተስሏል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሰሞኑን የውጭ አማካይ ሙቀት በ0.31 አባዝቶ 17.8 መደመር። አማካዩ 20 ዲግሪ ከሆነ ምቹው ሙቀት 24 ነው፤ ከዚያ 3.5 ወደ ላይና ወደ ታች ሲኬድ፣ ከ20.5 እስከ 27.5 ያለውን 80 በመቶው ሰው ይቀበለዋል ተብሎ ይታሰባል። ይህ የሚሠራው ነዋሪዎቹ መስኮት ራሳቸው እየከፈቱ ለሚኖሩበት፣ ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ነው።

በዚህ ግራፍ ላይ ዓይናችሁን የቀንና የሌሊት ልዩነት ላይ አድርጉ። ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሌሊቱ ከምቾት ክልሉ በታች ከወረደ የድንጋይ፣ የጡብ ወይም የተጠቀጠቀ አፈር ከባድ ግድግዳ ያዋጣል። ልዩነቱ 5 ወይም 6 ዲግሪ ብቻ ሆኖ አየሩ እርጥብ ከሆነ ግን ከባዱ ግድግዳ የሚቀዘቅዝበት ሰዓት አያገኝም፤ ቀላል ግድግዳና አየር ከዳር እስከ ዳር የሚያሳልፍ ሰፊ መስኮት ይሻላል። በብዛት የሚበላሸው ከባዱ ግድግዳ ተሠርቶ የሌሊት አየር ማስገቢያው ሲረሳ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ድፍን ኮንክሪት ሙቀትን ወደ ውስጥ ለማድረስ 5 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጋለ የምዕራብ ግድግዳ ሙቀቱን የሚለቀው ማታ 3 ሰዓት፣ ልጆች በሚተኙበት ጊዜ ነው። ፍርግርግና የትንኝ ወንፊት ኖሮት ተከፍቶ ሊያድር የሚችል መስኮት ከሌለ ወጪው ከንቱ ይሆናል። ምን ያህል ሰዓት መክፈት እንደሚያዋጣ የተፈጥሮ አየር ማናፈሻ ገጹ በወር በወር ያሳያል፤ የሙቀት ክልሉን እናንተው ትወስናላችሁ።

የፀሐይ ገጹ እጅግ ጠቃሚ ነው። የፀሐይን መንገድ በሙቀት ቀለም መቀባት ስለሚቻል፣ ጥላ የሚያስፈልግባቸው ሰዓታትና ፀሐይ ብትገባ የሚሻልባቸው ተለይተው ይወጣሉ። ድረ ገጹ ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር 15 የሚለው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ቦታው ከምድር ወገብ ከ23.45 ዲግሪ ባነሰ ኬክሮስ ላይ ከሆነ ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ በሰሜንም በደቡብም በኩል ስለምታልፍ ሁለቱም ፊቶች ጥላ ይፈልጋሉ።

ከመስኮቱ በላይ ወጣ ብሎ የሚሠራውን የጥላ መጠን ግን ክሊማ አያሰላም። ከጥላው እስከ መስኮቱ ታችኛ ጠርዝ ያለው ቁመት 1.5 ሜትር ነው እንበል። ፀሐይዋ በመስኮቱ ትይዩ በ70 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን 1.5 ለ2.75 (ለ70 ዲግሪ ታንጀንት) ተካፍሎ 55 ሴንቲ ሜትር ወጣ ያለ ጥላ ይበቃል። ትይዩ ካልሆነች የከፍታውን አንግል እንዳለ መውሰድ ስህተት ነው፤ የከፍታው ታንጀንት አስቀድሞ በጎን ልዩነቱ፣ ማለትም ፀሐይዋ ከመስኮቱ ትይዩ ወደ ጎን በራቀችበት አንግል፣ ኮሳይን መካፈል አለበት። ከፍታዋ 40፣ ከመስኮቱ ትይዩ የራቀችው 60 ዲግሪ ከሆነ የሚያስፈልገው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው 1.8 ሜትር ይሠራል፣ ክፍሉንም ያጨልማል። ፀሐይ ከጎን ስለምትገባ ጥላው በስፋትም ከመስኮቱ ማለፍ አለበት። በምዕራብ በኩል በ30 ዲግሪ ከፍታ ፊት ለፊት የምትመጣ ፀሐይ 2.6 ሜትር ጥላ ትጠይቃለች፤ እዚያ የሚያዋጣው መስኮቱን ማሳነስ፣ ከውጭ የሚዘጋ መዝጊያ ወይም ዛፍ ነው። ከውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ ሙቀቱ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ስለሚይዘው ብዙም አይረዳም።

የንፋስ ገጹን በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ በገላጣ ሜዳ፣ በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚቆም፣ በቤቶች መካከል ያለው ንፋስ በጣም ደካማ ነው፤ አቅጣጫውም ይለወጣል። ሥዕሉ የሚያሳየው ንፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ነው። የዓመቱን አማካይ ትታችሁ የሞቃታማዎቹን ወራት የከሰዓት ሰዓታት ብቻ ለዩ።

ጣሪያን በተመለከተ መሣሪያው በአግድም መሬት ላይ የሚወርደውን ጨረር ከመስጠት አያልፍም። ፀሐይ ከአናት በምትውልባቸው ቦታዎች ባለ አንድ ፎቅ ቤትን በዋናነት የሚያሞቀው ጣሪያው ነው፤ ነጣ ያለ ቀለም፣ አየር የሚዘዋወርበት ክፍተትና የሙቀት መከላከያ ንጣፍ ከመስኮት ጥላ በፊት ይታሰብባቸው።

የአየሩን ሙቀትና እርጥበት በአንድ ላይ የሚያሳየው ሳይክሮሜትሪክ ቻርት ሰዓታቱን በነጥብ ያሳያል እንጂ የትኛው የንድፍ ዘዴ እንደሚያዋጣ አይናገርም። በዚህ በኩል ኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው የቆየው ክላይሜት ኮንሰልታንት ይበልጠዋል፤ ለቦታው የሚስማሙ 20 ያህል ምክሮችን በሥዕል ያቀርባል። ለጀማሪ ሁለቱን አብሮ መጠቀም ይሻላል። ክሊማ በስልክ ትንሽ ስክሪን አይመችም፣ ያለ ኢንተርኔትም አይሠራም፤ ግራፎቹን ግን ምስል አድርጎ ማውረድ ይቻላል። የዓመቱን ሙቀት፣ ባለ ቀለሙን የፀሐይ መንገድና የሞቃት ሰዓታቱን ንፋስ አትማችሁ ለአርክቴክቱ በመጀመሪያው ስብሰባ ስጡት፤ የክፍሎቹ አቀማመጥ ከተወሰነ በኋላ ቢደርሱት ሊያስተካክል የሚችለው ጥቂት ነው።