አንድ የስልክ መዝገበ ቃላት «ሾቪኒዝም»ን እንዴት ፈታው?

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አንድ የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት በስልኬ ጭኜ ስገለገልበት ቆይቻለሁ። ፈጥኖ ይከፈታል፣ ማስታወቂያ አያበዛም፣ የዘወትር ቃላትንም በአግባቡ ይፈታል። የመዝገበ ቃላት ብርታት የሚታወቀው ግን ብዙ ታሪክ ባለፈባቸው ቃላት ስለሆነ «ሾቪኒዝም»ን፣ ማለትም የራስን ወገን ከሁሉ አስበልጦ ሌላውን የመናቅን ዝንባሌ፣ ፈለግሁበት፤ ያገኘሁትም «ትምክህተኝነት» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ፍቺው ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ምርጫ ነው። የሚመካ ሰው ምንጊዜም የሚመካበት ነገር አለው፤ በሀብቱ፣ በጉልበቱ ወይም በወገኑ ይመካል፤ ሾቪኒስትም የሚኮራው በግል ሥራው ሳይሆን በተወለደበት ወገን ነው። ይሁን እንጂ መመካት ብቻውን ሌላውን መናቅ ማለት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የግእዝ ምስጋና እመቤታችን «ትምክሕተ ዘመድነ» ስትባል ቃሉ ንጹሕ ክብርን ይገልጻል። ሌላውን ዝቅ አድርጎ የማየት ትርጉሙ የጐላው በፖለቲካው አንደበት ነው፤ በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ «ሾቪኒዝም» ከግራ ዘመም ጽሑፎች ጋር ገባ፣ በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ «ትምክህተኛ» ከ«ጠባብ» (ከራሱ ብሔር ውጭ የማያይ) ጋር ተጣምሮ የመፈረጃ ቃል ሆነ። ይህን የማያውቅ ወጣት ተርጓሚ ፍቺውን እንዳገኘው ቢገለብጥ፣ ደራሲው ያላሰበውን ክስ ለአንባቢ ያደርሳል።

ስለ ቃሉ መነሻም አንዳች መስመር የለም። ስሙ የተወሰደው ለናፖሊዮን በነበረው ጭፍን ፍቅር ከሚተረክለት ኒኮላ ሾቫን ከተባለ ፈረንሳዊ ወታደር ነው፤ ሰውየው በእርግጥ ስለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ቃሉ በጾታ ረገድ ያለው አገባብ ነው። ሴትን ከወንድ በታች አድርጎ የሚያይን ሰው የሚገልጸውን የእንግሊዝኛ ሐረግ መተግበሪያው «ወንድ ትምክህተኛ» ብሎ ፈትቶታል፤ አማርኛ አንባቢ ከዚህ የሚረዳው በራሱ የሚመካ ወንድን ብቻ ነው፤ የሴቷ መናቅ ከፍቺው ጨርሶ ጠፍቷል። «የወንድ የበላይነትን የሚያምን» ቢባል ይቀርብ ነበር።

የፊደል አያያዙም መታረም አለበት፤ «ትምክሕት» ብሎ በሐመሩ «ሕ» ለሚፈልግ ምንም አያወጣም።

ለፈጣን ፍለጋ፣ በተለይም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ መተግበሪያውን እመክራለሁ። ለተርጓሚና ለጋዜጠኛ ግን አይበቃም። አዘጋጆቹ እንዲህ ላሉ ቃላት አንድ አንድ የአገባብ ምሳሌ ቢጨምሩ፣ ከፍዬ ለመጠቀም ፈቃደኛ ነኝ።