የቤት ውስጥ ስፖርት ሳይክል፦ ባለ ሸራ ወይስ ባለ ማግኔት?

ጓደኛም ዘመድም የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ሳይክል ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» መልሱ አጭር ነው። ባለ ማግኔት፣ በካቴና ሳይሆን በቺንጋ የሚዞር፣ በእጅ በሚጠመዘዝ ቁልፍ የሚከብድ፣ ስክሪኑ ተራ የሆነ። ባለ ሸራው፣ ማለትም የሚዞረውን ከባድ ጎማ እንደ ፍሬን በሸራ ተጭኖ የሚያከብደው፣ የሚገዛው ገንዘቡ ጨርሶ አልደርስ ሲል ነው።

ከዋጋ እንጀምር። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያለፈው ወር ዋጋ ለክርክር አይጠቅምም፤ በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ጠይቁና የሁለቱን ዓይነት ልዩነት ያዙ። ባለ ማግኔቱ ከባለ ሸራው እስከ 40 በመቶ ቢበልጥ ሳታቅማሙ ውሰዱት። እጥፍ ከተጠየቃችሁ ግን ትርፉ የስክሪን ዋጋ ነው፤ ስክሪኑን ደግሞ ስልካችሁ ይተካዋል። ሻጩ የቮላኖውን፣ ማለትም የከባዱን ጎማ ክብደት እንደ ሥጋ በኪሎ እያሰላ ይጨምርባችኋል። ለቤት ባለ ማግኔት ከ8 እስከ 13 ኪሎ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲከብድ ጎማው በራሱ ጉልበት እግራችሁን ይዞ ይዞራል፤ ፍጥነቱ ደስ ይላል፣ የሠራው ግን ጎማው ነው። ላገለገለ ሳይክል ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ በላይ አትክፈሉ፤ ኩሽኔታውና ፔዳሉ ቶሎ ኪሳችሁን ይጠይቃሉ።

ባለ ሸራው ለምን ኋላ ላይ እንደሚወደድ ልንገራችሁ። ሸራው ጎማውን ከላይ እየተጫነ ነው የሚያከብደው። ሲደርቅ ይጮኻል፣ ሲሞቅ ይሸታል፣ ጥቁር ብናኙ ምንጣፍ ላይ ይቀራል። ጩኸቱን ለማጥፋት የምግብ ዘይት የሚያፈስበት ብዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ብታጠብቁትም ስለሚንሸራተት ሸራውን ከመጣል ሌላ መላ የለም። የሚፈቀደው ጥቂት ጠብታ የሲሊኮን ዘይት ነው። ምትክ ሸራ ከጠፋ ጫማ ሰሪ ጋ ሄዳችሁ ወፍራም የሶል ቆዳ በአሮጌው ልክ አስቆርጡ፤ ከፋብሪካም በቆዳ የሚመጡ አሉ። የመኪና ፍሬን ሸራ ግን አታስለጥፉ። የጎማውን ክሮም ይፍቀዋል፣ የተፋቀው ቦታ ላብ ሲነካው ይዝጋል፣ የዛገው ጠርዝ ደግሞ አዲሱን ሸራ ቶሎ ይበላዋል።

ማግኔቱ ጎማውን አይነካም። ጎማው በማግኔቶቹ መሃል ሲዞር ብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ዥረት ነው ወደኋላ የሚይዘው። የሚያልቅ ነገር የለም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። የተለመደው ብልሽት ቁልፉን ከማግኔቱ የሚያገናኘው ሽቦ መላላቱ ነው፤ ቁልፉ ይዞራል፣ ክብደቱ አይለወጥም። ሽቦውን መወጠር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አስቸጋሪው ፎርጅዱ ነው። «ማግኔት» የሚል ስቲከር ተለጥፎበት ውስጡ ሸራ የሆነ አለ። ቁልፉን እስከ መጨረሻ አጥብቁና በማግኔቱና በጎማው መሃል ወረቀት አሳልፉ፤ ካላለፈ እየነካ ነው። እውነተኛ ማግኔት ሆኖ ደካማም ያጋጥማል፦ መጨረሻው ላይ አድርጋችሁ ተቀምጣችሁ እንደልባችሁ መፍጠን ከቻላችሁ ተዉት። ከፊት ለፊት ቆማችሁም ጎማው ሲዞር ጠርዙን ተመልከቱ፤ ግራ ቀኝ የሚወላገድ ከሆነ በኋላ አይቃናም።

ሁለቱንም ዓይነት የሚገድለው የግራ ፔዳል ነው። ጥርሱ ተቃራኒ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ያላወቀ ገጣጣሚ በግድ ያስገባውና የክንዱን፣ ማለትም ፔዳሉ የሚገጠምበትን ብረት፣ ጥርስ ይልጠዋል፤ ከዚያ ቶርኖ ቤት ነው መድረሻው። ሱቁ ውስጥ እያያችሁ ይገጠም፣ በ15 ቁጥር ቁልፍ ጥብቅ ይደረግ፣ ከሳምንት በኋላም ፔዳሉንና የክንዱን ብሎን ድገሙት። ኩሽኔታ ሲያልቅ አያስፈራም፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዛችሁ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ ሂዱ። ቺንጋ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የብዙ ሳይክሎች ቺንጋ ፒጄ የሚባለው ሲሆን በጥርሶቹ መሃል ያለው ርቀት 2.34 ሚሊሜትር ነው፤ የመኪናው ፒኬ 3.56 ነው። ርዝመቱ ቢገጥምም ቦይው ውስጥ አይቀመጥም።

ከአሜሪካ ለሚልክላችሁ ዘመድ ሁለት ነገር ንገሩት። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ካልተጻፈ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። ፔሎተን የሚባለውን ባለ ስክሪን የአሜሪካ ሳይክል ርካሽ አገኘሁ ካለ ደግሞ፣ ያገለገለውን ለአዲስ ባለቤት ለማስመዝገብ 95 ዶላር፣ ከዚያ በየወሩ ከ40 ዶላር በላይ አለበት። በፈረንጆች እስከ ሜይ 2023 የተሸጠው የፔሎተን ፒኤል01 ሞዴል የመቀመጫ ምሰሶው ስለሚሰበር ለጥገና ተጠርቷል፤ ምሰሶው መቀየሩን ሳያረጋግጥ አይጫን።

ኮርቻው ወደላይና ወደታች ብቻ ሳይሆን ወደፊትና ወደኋላም መሄድ አለበት፤ የማይሄደውን በነጻም አትውሰዱ። ከፍታውን ለማግኘት ባዶ እግራችሁን ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፣ መጽሐፍ በእግራችሁ መሃል ወደላይ አጥብቁ፣ ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጠርዝ ለኩ። ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ግሬግ ለሞንድ በሚታወቅበት ስሌት ልኩ በ0.883 ይባዛል፤ 80 ሳንቲሜትር ከሆነ 70.6 ማለት ነው፣ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሃል እስከ ኮርቻው አናት። ጉልበት ከፊት ካመመ አብዛኛውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፣ ከኋላ ካመመ ወይም ዳሌ ግራ ቀኝ ከዋለለ ከፍ ብሏል፤ በየጊዜው ግማሽ ሳንቲሜትር ብቻ አስተካክሉ። የርካሾቹ ምሰሶ ቀዳዳዎች ተራርቀው ስለሚበሱ ይህን አይፈቅዱም።

ፔዳሉን በጣት ሥር ባለው ሰፊ የእግር ክፍል ርገጡ፣ ክርን ለቀቅ ይበል፣ ክብደታችሁ እጅ ላይ አይረፍ። ፍጥነቱን በስክሪኑ አትመኑ፤ ቀኝ ጉልበት በ15 ሰከንድ ስንቴ እንደሚነሳ ቁጠሩ። ከ20 እስከ 24 ጥሩ ነው። ከ15 ካነሰ ክብደቱ በዝቷል፣ ቂጣችሁ ከኮርቻው እየነጠረ ከሆነ አንሷል። ለማቆም እግራችሁን በድንገት አታግዱ፤ በአብዛኞቹ ፔዳሉ ከጎማው ጋር የታሰረ ስለሆነ ጉልበት ይጎትታል። ቁልፉን ወደታች ተጫኑት፣ ጎማው ሲቆም ውረዱ።