ባለሁለት ቱቦው ኮላ ከሰባት ወር በኋላ፦ የአሮጌዋ ጀልባዬ ነገር

ኮላውን ጀልባዬ ላይ የለጠፍኩት ጥር ላይ ነው። አሁን ነሐሴ ነው። ሰባት ወር ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ፀሐይም ነፋስም ስላየ፣ አሁን ስለሱ ባወራ አላፍርም። የምርቱን ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ከሁለት ቱቦ እኩል እኩል ተጨምቆ የሚቀላቀለው፣ ውስጡ የብረት ዱቄት ያለበት ኢፖክሲ ነው። ሠፈር ውስጥ ሁሉም ኮላ ነው የሚለው፣ እኔም ኮላ እላለሁ።

ጀልባዋ አሉሚኒየም ናት፣ አራት ሜትር ገደማ፣ ትንሽ ሞተር ትሸከማለች። ዕድሜዋን አትጠይቁኝ። ስገዛት ሰውየው «ትንሽ ታልባለች እንጂ ሌላ እንከን የላትም» ብሎኝ ነበር። ማላቧስ ማላቧ ነው! ሐይቁ ዳር ካለው አሞራ ገደል ተነስተን ብዙ ሳንርቅ ውሃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። አንዱ ሞተሩን ይይዛል፣ አንዱ በጣሳ እየቀዳ ይደፋል። ወዲያ ማዶ ጉማሬ ብቅ ሲል ደግሞ የጣሳው ፍጥነት ይጨምራል።

ስንጥቁን ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ግማሽ ቀን ከሥሯ ተኝቼ ፈልጌ አጣሁት። ዘዴውን ያሳዩኝ ዕድሜያቸውን ሐይቁ ላይ የጨረሱ አንድ አሳ አጥማጅ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ሲገባ ካላየኸው ሲወጣ እየው» አሉኝ። «እንዴት ጋሼ?» ብላቸው ሳቁብኝ። ለካ ቀላል ነው። ጀልባዋን ሁለት ግንድ ላይ ሰቀልናት፣ ውስጧ ጥቂት ባልዲ ውሃ ደፋን፣ ከሥር ጠብ የሚልበትን በማርከር ከበብኩ። ሁለት ቦታ ተገኘ። አንዱ ወለሏ መሃል ላይ፣ የጣት ርዝመት። ሌላው ኋላ፣ ሞተሩ የሚታሰርበት ማዕዘን ላይ። መሃለኛውን ድሮ ሰው የመኪና ስቱኮ ለጥፎበታል። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፣ በጥፍሬ ስነካው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ብየዳ ነበር፣ አልዋሽም። ወደ አንድ ጋራዥ ወስጃት ልጁ የኋላውን ስንጥቅ በተራ ኤሌክትሮድ ሞከረው፣ እስክሪብቶ የሚያሾልክ ቀዳዳ ከፍቶ መለሰልኝ። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ቆዳው ሳይቀልጥ ሥጋው ይቀልጣል ማለት ነው። ደግሞ ብረት ከመቅለጡ በፊት ይቀላል፣ በያጁ አይቶ እጁን ይሰበስባል፤ አሉሚኒየም ምንም ቀለም ሳይለውጥ ድንገት ዘርገፍ ይላል። ትክክለኛው በአርጎን ጋዝ የሚበየደው ነው። የተጠየቅኩት ብር ግን ጀልባዋን ከገዛሁበት ብዙም አይርቅም፣ ተውኩት።

ወደ ኮላው እንምጣ። ከኮላው በፊት ያለው ሥራ ነው ዋናው። ስንጥቁ ሁለቱም ጫፍ ላይ በድሪል ባለ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ አበጀሁ። ቀዳዳ ለመድፈን ቀዳዳ መብሳት እብደት ይመስላል፣ ግን የስንጥቅ ጫፍ ስለት ነው፣ ጭነቱ ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ወደፊት ይቀደዋል፤ ክብ ቀዳዳ ሲያጋጥመው ይቆማል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈተግኩት፣ ቅባት በሚያስለቅቀው አሴቶን ጠረግኩት፣ ወዲያው ቀባሁ። ወዲያው ያልኩት በምክንያት ነው። አሉሚኒየም አየር ሲያገኝ አዲስ ኦክሳይድ ማብቀል ይጀምራል፣ ስለዚህ ቡና ጠጥቼ ልመለስ አይባልም። የመጀመሪያውን ቅልቅል በጠራራ ፀሐይ ብዙ አድርጌ አዘጋጅቼ ካርቶኑ ላይ ደርቆብኛል። በጠዋት፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ሥሩ። እኔ አንድ ቀን ሙሉ ሳልነካው አሳደርኩት፣ ከላይም ቀለም ቀባሁት፣ ፀሐይ ኢፖክሲን ቀስ በቀስ ስለሚበላው።

መሃለኛው እስከ ዛሬ ጠብታ አላስገባም። አሸዋ ላይ ስንጎትታት ላዩ ተፍቋል፣ ቀለሙ ሄዷል፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። በዚህ በኩል ላማው አልችልም።

የኋላው ነው ያሳፈረኝ። ሦስት ወር ሳይደፍን ሚያዝያ ላይ ለቀቀ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉ ሲመታን፣ ተረከዜ ሲርስ ዞሬ አየሁ። ኮላው አልተሰበረም። ልክ እንደ ቁስል ቅርፊት ጠርዙ ተነስቶ ሙሉውን ተላቋል። ሞተሩ ያንን ማዕዘን ቀኑን ሙሉ ያንቀጠቅጠዋል፣ አሉሚኒየሙ ትንሽ ይታጠፋል፣ የደረቀው ኮላ ግን መታጠፍ አያውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የማይችለውን አሸከምኩት።

ግንቦት ላይ 2 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጬ፣ መሃሉን ኮላ ሞልቼ፣ ዙሪያውን በአሉሚኒየም ሪቬት (ላሜራን ከላሜራ በስቶ በሚያያይዘው ምስማር) አሰርኩት። ሱቅ ያለው ልጅ «የብረቱ ይጠነክራል» ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር። እንዳትሰሙት። ሁለት የተለያየ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነካካ አሉሚኒየሙ ነው የሚበላው። ይኸው ሦስት ወሩ፣ ደረቅ ነው። አሁን ጭነቱን ሪቬቱ ይሸከማል፣ ኮላው ውሃ ብቻ ይከለክላል።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለወለል ከ5 5፣ ሞተር ላለበት ማዕዘን ብቻውን ከሆነ 2። ደግሜ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ ግን አሁን አይደለም፣ ግማሹ ተርፎኛል። ተርፎኛል ስል አንዱ ቱቦ ነው የተረፈው። ክዳኖቹን አቀያይሬ ስለዘጋሁ የአንደኛው አፍ ደርቆ ተዘግቷል፣ በምስማር ብወጋውም እምቢ ብሏል። እናንተ ክዳኖቹ ላይ ምልክት አድርጉ።